በመከራ ዘመን የተገኘ ደስታ፤ ከወላይታ ወኅኒ ቤት እስከ ኦሞ ዳር

ከጂንካ ተነሥቶ ወደ ቈላው የወረደ መንገደኛ፥ የኦሞ ወንዝ ከሚታጠፍበት ገደል አፋፍ ላይ ኮልቾ የምትባለውን የካሮ ሕዝብ መንደር ያገኛል። ካሮዎች በቍጥር ጥቂት ናቸው። ከብትና ፍየል ያረባሉ፤ ወንዙ ሞልቶ ሲጐድልም በደለሉ ላይ ማሽላ ሲዘሩ ኖረዋል። ረኀብና ወባ በሚፈራረቁበት በእንዲህ ያለ አገር ሰው ደስታን ከወዴት ያገኛል? ይህ የሰባኪ ብቻ ሳይሆን የታሪክ ተመራማሪም ጥያቄ ነው። ወደ ኦሞ አውራጃዎች ወንጌልን ይዘው ከወረዱት መካከል ብዙዎቹ ወላይቶች ስለ ነበሩ፥ መልሱን አስቀድሞ በወላይታ መፈለግ ይገባል።

የሱዳን ኢንተሪየር ሚሲዮን በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት ወደ ሶዶ የደረሰው በ1920 ዓ.ም. ነው። ጠላት አገራችንን ከወረረ በኋላ፥ በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ሚሲዮናውያኑ ሶዶን ለቀው ወጡ። ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ ምእመናን 48 ያህል ብቻ ነበሩ፤ በቋንቋቸው የተተረጐመ መጽሐፍም ከጥቂት ክፍል በቀር አልነበራቸውም። ከነጻነት በኋላ በተመለሱ ጊዜ ግን ምእመናኑ ወደ 10,000 ገደማ ደርሰው እንዳገኟቸው ሚሲዮኑ መዝግቧል።

በዚህ መካከል ያለፈው ዘመን የምቾት ዘመን አልነበረም። የጸሎት ቤቶች ፈርሰዋል። እንደ ዋንዳሮ ደባሮ ያሉት መሪዎች ታስረዋል፥ በአደባባይም ተገርፈዋል። የሚሲዮኑ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት በአንድ ጊዜ 50 መሪዎች ተይዘው እያንዳንዳቸው 100 ጅራፍ ተገርፈዋል፤ ሦስቱም ሞተዋል። እንዲህ ሆኖ ሳለ እስረኞቹ ይዘምሩ ነበር ይባላል።

ይህን ነገር አንዳንዶች ለወራሪው ከነበረው ጥላቻ የመጣ ነው ይላሉ። አሳቡ እውነትነት አለው፤ ሆኖም አይበቃም። ጠላትን የጠሉ ሁሉ ወንጌላውያን አልሆኑም፤ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት የተገደሉት አቡነ ጴጥሮስም በቀድሞው ሃይማኖታቸው ጸንተው ነው የሞቱት። ሌሎች ደግሞ ከሚሲዮኑ መምጣት በፊት ኤሳ የተባለ የጋሞ ሰው ሕዝቡ ጣዖቱን ትቶ ለአንድ አምላክ እንዲጸልይ መስበኩን ያነሣሉ። ይህም መሬቱ እንዴት እንደ ታረሰ ያስረዳል እንጂ ሰብሉ በበረዶ ወራት ለምን እንዳፈራ አያስረዳም።

በእኔ አስተያየት ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ፥ ደስታው ከእንጀራ ጋር አብሮ ይሄድ ነበር። በአገራችን እስረኛን የሚቀልበው ቤተ ዘመዱ ስለ ነበረ፥ ምእመናኑ ለታሰሩት ወንድሞቻቸው ስንቅ ይወስዱ ነበር፤ ዘመድ የሌለውም እስረኛ ከዚያው ይቋደስ ነበር። ያላመነው እስረኛ ስብከቱን ከመስማቱ አስቀድሞ ፍቅሩን ቀመሰ ማለት ነው። ሁለተኛ፥ መምህራኑ የውጭ ሰዎች ሳይሆኑ የጎረቤት ገበሬዎች ነበሩ፤ የሚዘምሩትም ባፍ መፍቻ ቋንቋቸው ነበር። ሦስተኛ፥ ከፍርሀት ነጻ መውጣት ነበር። ክፉ መንፈስን ፈርቶ ለጠንቋይ ሲገብር የኖረ ሰው ያን ቀንበር ከጣለ በኋላ ጅራፉ ቢያምመውም እንደ ቀድሞው ሊያስፈራራው አልቻለም።

እርግጥ ነው፥ ከዚህ ታሪክ የሚበዛው የተጻፈው በሚሲዮኑ ሰዎች እጅ ነው፤ ቍጥሩንም በጥንቃቄ ማየት ያሻል። ነገር ግን ፍሬው በኋላ ታይቷል። ከነጻነት በኋላ የወላይታ ወንጌላውያን ወደ ጋሞ፥ ወደ ጎፋ፥ ወደ አሪና ወደ ሌሎችም የኦሞ ሕዝቦች ሄደዋል። ከእነርሱም አንዱ ማሄ ጮራሞ ደጋግመው ታስረዋል፤ ሥራቸውን ግን አልተዉም።

ወደ ኮልቾ እንመለስ። ካሮዎች ሚንጊ ብለው ርጉም የሚሏቸውን ሕፃናት፥ ለምሳሌ የላይ ጥርሳቸው አስቀድሞ የበቀለውን፥ ሕዝቡን ከመዓት ለማዳን ሲሉ ይገድሉ ነበር። የካሮ ተወላጁ ላሌ ላቡኮ ብዙ ከደከሙ በኋላ የካሮ ሽማግሌዎች በ2004 ዓ.ም. ይህን ልማድ መተዋቸውን አስታውቀዋል። ይህ የሽማግሌዎቹ የራሳቸው ውሳኔ ነው። ቢሆንም ከወላይታው ታሪክ ጋር የሚዛመድበት አንድ ነገር አለ፤ እዚህም ፍርሀት ሲወድቅ ለእናቶች ደስታ ሆኗል።

ግልገል ጊቤ 3ኛ ግድብ በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የወንዙ ሙላትም እንደ ቀድሞው አልሆነም፤ ስለዚህ የደለሉ እርሻ ተጎድቷል። እንግዲህ ለኮልቾ ሰው ደስታን የሚሰብክ ሁሉ የሶዶን ወኅኒ ቤት ያስታውስ። በዚያ መዝሙሩ የተሰማው ስንቁ በገባበት በር ነው። መከራን ታገሥ ብሎ ባዶ እጁን የሚሄድ፥ የወላይታን ምእመናን ቃል ወስዶ ሥራቸውን እንደ ተወ ይቈጠራል።