የአካባቢው ሰው ማን ነው? የከተማ ግንባታና ቅጥር ከሳንሱሲ ሲታይ

ከአስኮ በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ ሲወጣ ሳንሱሲ የአዲስ አበባ ዳር ነው። ንጋት ላይ አካፋና ዶማ የያዙ የቀን ሠራተኞች አስፋልቱ ዳር ቆመው ካቦ ይጠብቃሉ። ካቦው ሲመጣ ትከሻ አይቶ «አንተ፣ አንተ፣ አንቺ» እያለ ይቆጥራል። ማን የሰፈሩ ልጅ እንደሆነ፣ ማን ከወላይታ ወይም ከጎጃም እንደመጣ ብዙ ጊዜ የሚመዘግብ የለም። የአካባቢን ነዋሪ ቅጠሩ፣ ሴቶችንና አካል ጉዳተኞችን አካትቱ የሚል ግዴታ እዚህ ቆጠራ ላይ ካልደረሰ ወረቀት ላይ ይቀራል። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ ይኸው ነው።

ሕግ አላጣንም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ለሴቶች የድጋፍ እርምጃን ይፈቅዳል፤ አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኛን ከሥራ ማግለልን ይከለክላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ፍሬ ነገሩን ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። በባሬላ አርማታ የምትሸከም ሴት ይህን ወረቀት ይዛ ማየት ግን ብርቅ ነው። የመንግሥት ግዢ ሥርዓቱም የሚያየው ድርጅቱን ነው። አዋጅ ቁጥር 649/2001ን ተከትሎ የወጣው የፌዴራል መመሪያ ለአገር ውስጥ ተቋራጭ የ7.5 በመቶ ልዩ አስተያየት ሲሰጥ፣ ፌሮ ለሚያስረው ልጅ ምን እንደሚደርሰው አልጠየቀም።

ቅጥር በእርግጥ የሰፋው ሥራው ራሱ ለሰው እጅ ተብሎ ሲታቀድ ነው። በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ የሙከራ ግንባታ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር ብሎኬት ማምረቱን፣ የበርና የመስኮት ሥራውን በጥቃቅንና አነስተኛ ለተደራጁ ማኅበራት ከፋፍሎ ሰጠ። ኮብልስቶን ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ምሳሌ ነው። ድንጋዩ ከካባ ይወጣል፣ በመዶሻና በመሮ አራት ማዕዘን ሆኖ ይጠረባል፣ አሸዋ ተደልድሎ በገመድ እየተለካ ይነጠፋል። ጠራቢዋ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ድንጋዩን እያገላበጠች ስትመታው የምታገኘው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ነገ ሌላ ሳይት ይዛው የምትሄደው ሙያም አለ። ያው መንገድ አስፋልት ቢሆን ኖሮ ጥቂት የማሽን ኦፕሬተሮች ይጨርሱት ነበር። በእኔ እምነት በዚያ ዘመን ማን እንደሚቀጠር ከየትኛውም መመሪያ በላይ የወሰነው የመሐንዲሱ ንድፍ ነው።

የሳንሱሲ ልዩ ችግር «የአካባቢ ሰው» የሚለው ቃል ላይ ነው። በ2015 ዓ.ም. በኦሮሚያ ክልል ሸገር ከተማ ሲመሠረት ቡራዩ ከክፍለ ከተሞቹ አንዱ ሆነ። መንገዱ አንድ ሆኖ መታወቂያው ሁለት ነው። በመታወቂያ የሚለይ ግዴታ በአንድ ታክሲ የመጡ ጎረቤታሞችን ይለያያል፤ አንቀጽ 32 ካረጋገጠው የመዘዋወር መብት ጋርም ሊጋጭ ይችላል፤ ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ለብሔር ማጣሪያ በር መክፈቱ ነው። በመቶኛ ብቻ መደንገግም አደጋ አለው፤ ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2017 ከ30 ሚሊዮን ራንድ በላይ በሆኑ ውሎች፣ በተቻለ መጠን፣ 30 በመቶው ለተለዩ የኅብረተሰብ ክፍሎች በንዑስ ውል እንዲሰጥ ደነገገች። የተደራጁ ወንበዴዎች ያንን ቁጥር ይዘው ሳይት እየዘጉ ድርሻ መጠየቂያ አደረጉት። በአንጻሩ ቦስተን እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣችው ደንብ 50 በመቶ ለከተማዋ ነዋሪ፣ 25 በመቶ ለአናሳዎች፣ 10 በመቶ ለሴቶች ሲል የቆጠረው በየሙያው የተሠራውን ሰዓት ነው። እኛ ከቦስተን ልንወስድ የሚገባን በመቶኛውን ሳይሆን የሰዓት ቆጠራውን ነው፤ ሰዓት ከተቆጠረ ሴቶች ባሬላ ላይ ብቻ መቅረታቸው ይታያል።

ይህ አዲስ መሥሪያ ቤት አይጠይቅም። ተቋራጩ ክፍያ ሲጠይቅ ተቆጣጣሪው መሐንዲስ የተሠራውን ለክቶ ይፈርማል። የሠራተኛው ስም፣ ጾታ፣ ሙያ፣ የሠራበት ሰዓትና የመጣበት ሰፈር የሰፈረበት መዝገብ ከዚያው ሰነድ ጋር ይያያዝ፤ የሙያ ማሠልጠኛ ወጪም በውሉ የዋጋ ዝርዝር ውስጥ ይግባ። የከተማ አስተዳደሩ ይህን በሚቀጥለው የጨረታ ሰነድ ላይ እንዲጨምር እንጠይቃለን።