የማሌ አሽቲሜዎች

ከአባያ ሐይቅና ከአርባ ምንጭ ወደ ደቡብ ምዕራብ ባለው የማሌ ምድር፣ ወንድ ሆነው ተወልደው እንደ ሴት የሚለብሱና የሴት ሥራ የሚሠሩ ሰዎች «አሽቲሜ» ይባሉ ነበር። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በማሌ ጥናት ያደረገው አንትሮፖሎጂስት ዶናልድ ዶንሃም እንደጻፈው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብዙዎቹ «ካቲ» በሚባለው በማሌ ንጉሥ ግቢ ይኖሩ ነበር፤ በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ወደማትገባበት ውስጠኛው ግቢ ገብተው የሴቶቹን ሥራ የሚሠሩት እነሱ ነበሩ።

ስለዚህ «ወንድ ሆኖ ተወልዶ እንደ ሴት መኖር ከውጭ የመጣ ነው» የሚለው ክርክር አይጸናም። «አሽቲሜ ከተወለዱበት ጾታ ውጭ የሚኖሩ የዛሬ ወጣቶች ለራሳቸው ከሚመርጡት ስያሜ ጋር አንድ አይደለም» የሚል ተቃውሞ ቢነሳ ግን እውነት ነው፦ ያኛው ከሥራና ከግቢ ሥርዓት ጋር የተሳሰረ ነበር፤ የዛሬው ራስን ከማወቅ ይነሳል። ይሁንና የስያሜው መለያየት የሰዎቹን መኖር አያስተባብልም። እነሱን ከታሪካችን መፋቅ ለዛሬዎቹ ወጣቶች ትልቅ በደል ነው።