ከጠመንጃው በፊት ውኃው፤ በቦረና ምድር ያለፉ አዳኞች ታሪክ

ከጥቂት ጊዜ በፊት ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እንድመልሰው አንድ ወረቀት ተሰጠኝ። ባለቤቱ አፍሪካን ረግጦ የማያውቅ የባሕር ማዶ ሰው ሲሆን፣ ከሞያሌ በስተሰሜን በኢትዮጵያ ወገን አምበራይሌና ጌረኑክ ለማደን አስቦ የጥያቄ ዝርዝር ልኳል። ሁለት ገጽ ያህሉ ስለ ጠመንጃ፣ ስለ ጥይትና ስለ መነጽር ነው። ስለ ውኃ አንድ መስመር አለ። ስለ ባለአገሩ ግን አንዲት ቃል አልነበረችም። ሥራ ነውና ተረጎምሁት፤ ነገር ግን ከእርሱ በፊት በዚሁ ምድር ያለፉት እንግዶች እንዴት ተሰናድተው እንደመጡ ማሰላሰሌን አልተውሁም። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቀደምቶቹ አንዱ የፊላደልፊያው ሐኪም አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ ነው። በ1894 ክረምት ከበርበራ ተነሥቶ፣ ግመሎቹን ጭኖ፣ የታጠቁ ሶማሌ አጃቢዎችን አስከትሎ ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ፣ ማለትም ወደ ዛሬው ቱርካና አቀና። ሰውየው ስንቁንና መሣሪያውን በሚገባ ያሰናዳ አዳኝና ናሙና ሰብሳቢ ነበር። ይሁን እንጂ ሼኽ ሁሴን ሲደርስ የምኒልክ የጦር አለቃ አላሳልፍም አለው። በጎደለችው አንዲት ፈቃድ ምክንያት መንገዱን ወደ ደቡብ አዙሮ፣ ወንዝ ለወንዝ ተጉዞ፣ በቦረና በኩል ሐይቁ ዘንድ የደረሰው በ1895 አጋማሽ ነው። ከዚያም በማርሳቢት አድርጎ በዚያው ዓመት ላሙ ወደብ ወጣ። በ1897 ያሳተመው መጽሐፍ ርእስ ያለፈባቸውን አገሮች «ያልታወቁ» ይላቸዋል። በትርጉም ሥራ ላይ የሚውል ሰው እንዲህ ያለ ቃል ሲገጥመው «ለማን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እያንዳንዱ ጉድጓድ ስምና ባለቤት የነበረው አገር ነውና።

የጉድጓዱን ነገር ጥቂት ላብራራው፤ ጉዳዩ ሁሉ የሚዞረው በእርሱ ላይ ነው። ቦረናዎች «ቱላ» የሚሏቸው ጥልቅ ጉድጓዶች ያሉባቸው ዘጠኝ ስመ ጥር ስፍራዎች አሏቸው። በበጋ ወራት ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደራርበው ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ወደ ገንዳው ያወጣሉ። ጉድጓዱን ያስቆፈረው ሰው የጎሣ ወገን ቅድሚያ አለው። ከዚያ በኋላ የማን ከብት በየትኛው ቀን፣ ከማን ቀጥሎ እንደሚጠጣ የሚደነግገው «አባ ሄሬጋ» ነው። እንግዳ በጉልበቱ አይቀርብም፤ ይለምናል፣ ተራ ይሰጠዋል፣ ይጠብቃል። እንግዲህ ብዙ ግመል ነድቶ የመጣ አዳኝ የፈለገውን ያህል ጥይት ቢይዝ፣ የሚውልበትንና የሚያድርበትን የሚወስኑለት የጉድጓዱ ባለቤቶች ነበሩ። የአውሬውም ነገር ከዚህ አይርቅም፤ የአገሩ ሰው ውኃው የት እንዳለ ሲያውቅ አውሬው የት እንደሚገኝ ያውቃልና።

አሁን ወደ ራሳችን ከተማ ልመለስ። በ1902 አርኪባልድ በተር የተባለ አደን ወዳጅ ስኮትላንዳዊ ባለርስት፣ ወጪውን ከኪሱ ችሎ፣ የኢትዮጵያንና የእንግሊዝ ምሥራቅ አፍሪካን ድንበር የሚያጠና ጉዞ ከአዲስ አበባ አስነሣ። ከእርሱ ጋር የነበረው መኮንን ካፒቴን ፊሊፕ ሞድ ቀያሽ ነበር። ጉዞው በ1903 ሲያበቃ ሞድ ካርታ ሠርቶ፣ ድንበሩ ይሁን ያለውን መስመር አሰመረ። በምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በታኅሣሥ 6 ቀን 1907 የተፈረመው ውል በአብዛኛው ያረፈው በዚሁ መስመር ላይ ነው። እኛ በኦቦ የምንኖር ሰዎች ኬንያ ውስጥ የመሆናችን ነገር፣ አንድ ሀብታም በገዛ ገንዘቡ ካሰናዳው ጉዞ ጋር እንዲህ ተቆራኝቷል።

ቀጥሎ የመጣውም ከአደን ሠፈር ነበር። ፊሊፕ ዛፊሮ የተባለው ግሪካዊ ለአሜሪካዊው ባለጸጋ ለኖርዝረፕ ማክሚላን የአእዋፍና የእንስሳት ናሙና ይሰበስብ ነበር። (ማክሚላን በ1903 ዐባይን በጀልባ ለመውረድ ሞክሮ ያልተሳካለት ሰው ነው፤ በኋላ ኬንያ ሠፈረ፣ በናይሮቢ የሚገኘውም የማክሚላን ቤተ መጻሕፍት መታሰቢያው ነው።) ዛፊሮ በ1905 የእንግሊዝ የድንበር ተቆጣጣሪ ሆኖ ተሾመና ሞያሌ ላይ ተቀመጠ፤ ጣቢያውም ፎርት ሐሪንግተን ተባለ። በደቡብ ኢትዮጵያ የምትገኝ አይጥ መሰል ትንሽ አውሬ እስከ ዛሬ በሳይንስ ስሟ የእርሱን ስም ተሸክማለች። ወፍ ሲሰበስብ የኖረ ሰው ከብት አርቢውን ከዚህ አትለፍ የሚል ሹም ሆነ።

በእርግጥ ውሉን የጻፉት ሰዎች አንድ ነገር አልዘነጉም። በመስመሩ ግራና ቀኝ ያሉት ጎሣዎች እንደ ቀድሟቸው በወዲያኛው ወገን ባለው ግጦሽ እንዲጠቀሙ፣ ከጉድጓዶቹም እንዲያጠጡ ይፈቅዳል። በእኔ አስተያየት ከውሉ ሁሉ አስተዋይ የሆነው ክፍል ይህ ነው፤ በሥራ ላይ ሲውል ግን ከሁሉ ይልቅ ያጨቃጨቀውም እርሱ ነው። እንግሊዞች በ1908 እና በ1909 በሜጀር ጉዊን አማካይነት ለብቻቸው ያደረጉትን ቅየሳ ኢትዮጵያ አልተቀበለችውም። ክርክሩ የተቋጨው ኬንያ ነጻ ከወጣች በኋላ፣ ሁለቱ መንግሥታት በ1970 በፈረሙት ውል ነው።

መስመሩ በአውሬዎቹም ላይ ያርፋል። ኬንያ በ1977 አደንን በሕግ ከልክላለች። በኢትዮጵያ ወገን ግን ክልከላው ጠቅላላ አይደለም፤ አዳኙ ፈቃድ አውጥቶ፣ ለየእንስሳው ክፍያ ከፍሎ፣ ፈቃድ ባለው ባለሙያ አዳኝ እየተመራ፣ በተመደበለት ቁጥርና ስፍራ ብቻ ያድናል። ስለዚህ አንድ ጌረኑክ ቅጠል ሲለቅም ውሎ ድንበሩን ቢሻገር ሌላ ሕግ ውስጥ ይገባል። በሁለቱም አገር የሚገኘው የግሬቪ የሜዳ አህያ ስሙን ያገኘው፣ በ1882 ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ በላኩት አንድ እንስሳ ነው። ያኔ ለገጸ በረከት የተላከው አውሬ ዛሬ ከመጥፋት እንዲተርፍ የሚጠበቅ ሆኗል።

የወረቀቱን ትርጉም ሳስረክብ፣ ከአጠገቧ ቦታ ከተረፈችው የውኃ መስመር ጎን በእርሳስ ማስታወሻ ጻፍሁ፤ የጉድጓዱ አባ ሄሬጋ ማን እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ፣ ፈቃድ ከከተማ የወጣ ቢሆንም እርሱን ሳያነጋግሩ ግመል አይጫኑ አልሁ። ያሠራኝ ሰው አነበበና ይህ በዋናው ላይ የለም ብሎ ላጲስ አቀበለኝ። እኔም ማስታወሻውን በሌላ ወረቀት ላይ ገልብጬ ፖስታው ውስጥ ጨመርሁት።