ከፊልሙ በኋላ የቀረው

እቤታችን ቡፌ ውስጥ፣ ከስኒዎቹ ጎን፣ አንድ ጥቁር የቪዲዮ ካሴት አለ። በጀርባው ላይ በታላቅ ወንድሜ እጅ «የህንድ ፊልም» ተብሎ ተጽፎበታል። የፊልሙን ርእስ ማናችንም አናስታውስም። ቤቱ ሲታደስ ብዙ ዕቃ ተጥሏል፤ ይህንን ካሴት ግን እናቴ አላስነካችም። ምክንያቱን ኋላ እመለስበታለሁ።

ሰው አንድን ፊልም አይቶ ከጨረሰ በኋላ ስለምን ገዝቶ ያስቀምጠዋል? መጽሐፍን በመደርደሪያ ማኖር የቆየ ልማድ ነው። ፊልም ግን ከተወለደ ጀምሮ ለሰማንያ ዓመታት ያህል እንግዳ ሆኖ ኖረ፤ ሲኒማ ቤት ይመጣል፣ ይታያል፣ ይሄዳል። ዳግመኛ ለማየት የሚሻ ሰው የባለ ሲኒማውን ወይም የቴሌቪዥን ጣቢያውን በጎ ፈቃድ መጠበቅ ነበረበት።

ይህን የለወጡት ጃፓኖች ናቸው። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1975 ሶኒ ቤታማክስን፣ በማግስቱ ዓመት ደግሞ ጄቪሲ ቪኤችኤስን ለገበያ አቀረቡ። ዩኒቨርሳልና ዲዝኒ «ሥራችን ሊዘረፍ ነው» ብለው በ1976 ሶኒን ከሰሱ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1984 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፣ ሰው የቴሌቪዥን ዝግጅትን ቀድቶ በሚመቸው ሰዓት ቤቱ ቢያይ ጥፋት የለበትም ሲል ወሰነ።

ፊልም በካሴት መሸጥ የተጀመረው ግን ክርክሩ ሳያልቅ ነው። በ1977 አንድሬ ብሌይ የተባለ የሚሺጋን ነጋዴ ከትዌንቲዝ ሴንቸሪ ፎክስ የ50 ፊልሞችን መብት ገዝቶ፣ አንዱን ካሴት በ50 ዶላር ገደማ ይቸበችብ ጀመር። ዋጋው ውድ ነበርና ብዙው ሰው ተከራይቶ ማየትን መረጠ። ታሪኩ ለጥያቄዬ የመጀመሪያውን መልስ የሚሰጠኝ እዚህ ላይ ነው፤ አንዴ የሚታየውን እንከራያለን፣ የምንመለስበትን እንገዛለን። በ1995 በካሴት የወጣው «ዘ ላየን ኪንግ» ከ30 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠው ያለ ነገር አይደለም። ሕፃን ልጅ «ይህንንማ አይቼዋለሁ» አይልምና።

ሁለተኛውን መልስ ያገኘሁት ከጎንደሬው ኃይሌ ገሪማ ነው። ስለ ባርነት የሠራውን «ሳንኮፋ» የተባለ ፊልም በ1993 ሲያወጣ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልተቀበሉትም። እርሱም ሲኒማ ቤት እየተከራየ በየከተማው አሳየው። ኋላም ከባለቤቱ ከሺሪኪያና አይና ጋር ዋሽንግተን ውስጥ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ በፊልሙ ስም የቪዲዮና የመጻሕፍት መደብር ከፈተ። ሳንኮፋ በጋናዎቹ በአካን ሕዝቦች ቋንቋ «ተመለስና አምጣ» እንደማለት ነው። ከዚያ መደብር ካሴት ገዝቶ የወጣ ሰው የገዛው መዝናኛ ብቻ አይመስለኝም። የቤተሰቡን ታሪክ ማንም በማይወስድበት ስፍራ ማኖሩ ነው።

ዛሬ ዘመኑ ተለውጧል። የመጨረሻው የቪኤችኤስ ዴክ አምራች የጃፓኑ ፉናይ በ2016 ሥራውን አቆመ፤ ኔትፍሊክስም ዲስክ በፖስታ መላኩን በመስከረም 2023 ተወ። ያው «ሳንኮፋ» ታድሶ በ2021 በዚሁ በኔትፍሊክስ መታየቱ ያስደስታል። ሆኖም በየወሩ የምንከፍለው ለማየት እንጂ የእኛ ለማድረግ አይደለም። ውሉ ሲያልቅ ፊልሙ ተመልሶ እንግዳ ይሆናል።

ወደ ጥቁሩ ካሴት ልመለስ። ካሴቱ አስቀድሞ የአክስቴ ሠርግ የተቀረጸበት ነበር። ወንድሜ፣ ልጅ ነበርና፣ የህንዱን ፊልም በላዩ ቀዳበት። አባቴ ያን ቀን አልተቆጣም፤ ዝም ብሎ ወጣ። ፊልሙ ግን ከካሴቱ ያጥር ነበር። ጀግናው ጠላቶቹን ድል ነሥቶ፣ ዘፈኑ አልቆ፣ ማያው ጥቂት ከተንቀጠቀጠ በኋላ ሠርጉ ከመሐል ይቀጥላል። አባቴ በነጭ ጋቢ ሆኖ በእንግዶች መካከል እየዞረ «ብሉ እንጂ! በሞቴ!» ይላል። ከዚያ ካሴቱ ያልቃል።

አባቴ ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ድምፁ ያለበት ሌላ ነገር የለንም። ዴካችን ከተበላሸ ቆይቷል፤ የሚሠራ ያለው ሰው እያፈላለግሁ ነው። እስከዚያው እናቴ ቡፌውን በወለወለች ቁጥር ካሴቱን አንሥታ አቧራውን ታራግፍና መልሳ ታስቀምጠዋለች። እንግዳ አይቶ «የህንድ ፊልም ይወዳሉ እንዴ?» ሲላት፣ «አዎ፣ መጨረሻውን» ትላለች።