ሦስቱ ሞክሼዎች

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አበው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በፈረንሳይ ዙፋን የተናነቁትን ሦስት ሰዎች ታሪክ ላነበበ ግን መልአኩ አንድ ስም ብቻ የነበረው ይመስለዋል፤ ሄንሪ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1585 እስከ 1589 የተካሄደው ጦርነትም «የሦስቱ ሄንሪዎች ጦርነት» ተብሎ ቀረ።

የመጀመሪያው ንጉሡ ሄንሪ 3ኛ ነው። ክርስትና ሲነሣ የወጣለት ስም ሌላ ነበር፤ በአባቱ በሄንሪ 2ኛ ስም የተጠራው ከዓመታት በኋላ ነው። ሁለተኛው የካቶሊኮች ማኅበር መሪ የጊዝ መስፍን፣ ሦስተኛው ደግሞ ፕሮቴስታንቱ የናቫር ንጉሥ ነበር።

ነገሩን ያከረረው የአንድ ሰው ሞት ነው። ንጉሡ ልጅ አልነበረውም። ታናሽ ወንድሙ በ1584 ሲሞት አልጋው በዘር ሐረግ ለናቫሩ ሄንሪ የሚተርፍ ሆነ። «መናፍቅ አይነግሥብንም» ያሉ ካቶሊኮች ከጊዝ ጎን ተሰለፉ። ንጉሡም በሁለቱ ሞክሼዎቹ መካከል ተቀርቅሮ ቀረ።

በሜይ 1588 የፓሪስ ሕዝብ ጎዳናዎቹን ዘግቶ ተነሣ፤ ንጉሡ ከገዛ ከተማው ሸሸ። በዲሴምበር ግን በብሏ ቤተ መንግሥት መስፍኑን ወደ እልፍኙ አስጠርቶ በዘበኞቹ ጩቤ አስገደለው። ከዚያ ከናቫሩ ሄንሪ ጋር ታርቆ ፓሪስን አብረው ከበቡ። በኦገስት 1589 ዣክ ክሌማ የተባለ መነኩሴ መልእክት ያመጣ መስሎ ቀረበና ንጉሡን በቢላ ወጋው፤ በማግሥቱ ሞተ።

የተረፈው ሞክሼ ሄንሪ 4ኛ ተብሎ ነገሠ፤ ፓሪስ ግን በሯን አልከፈተችለትም። በ1593 ካቶሊክ ሆነ፤ በ1594 ከተማዋ ገባ። በ1598 ደግሞ በናንት ዐዋጅ ለፕሮቴስታንቶች የማምለክ መብት ሰጠ። ለዓመታት ጎራዴ ያልፈታውን ነገር በወረቀት አበረደው። ቢላው ግን እርሱንም አልማረውም፤ በሜይ 1610 ራቫያክ የተባለ አክራሪ ካቶሊክ በሠረገላው ላይ ተቀምጦ ሳለ ወግቶ ገደለው።

እንግዲህ ሦስቱም በአንድ ስም ተጠሩ፣ ሦስቱም በስለት አለቁ። ልዩነታቸው ትተውት በሄዱት ነገር ነው፤ ጊዝ ቂምን፣ ሄንሪ 3ኛ ወራሽ የሌለው አልጋን፣ ሄንሪ 4ኛ ግን ባላንጣዎችን አብሮ የሚያኖር ሕግን።

እርሱ ልጁን ሄንሪ አላለውም፤ ሉዊ አለው። ከእርሱ ወዲህም በፈረንሳይ ዘውድ የጫነ ሄንሪ የለም። የናንትን ዐዋጅ በ1685 የሻረው የገዛ የልጅ ልጁ ሉዊ 14ኛ ነው። ስምም አልጋም ይወረሳል፤ ልብ ግን አይወረስም።