ይቅርታው 52 ዓመት የፈጀበት ሰው

የድሮ ተማሪዎቼ፣ የአሜሪካ የሲቪል መብት ትግል ሲነሳ ሁሌ ኪንግን ነው የምንጠራው። ዛሬ ደግሞ ፍራንክ ካሜኒን ላንሳላችሁ፤ ለስድብ ሳትቸኩሉ ጨርሱት። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ሰውዬው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጋ፣ በ1956 ከሃርቫርድ በሥነ ፈለክ ዶክትሬቱን የያዘ ነው። ኮከብ ቆጣሪ እንዳትሉት ብቻ! በ1957 ከጦር ሠራዊቱ የካርታ መሥሪያ ቤት ተባረረ። ሥራውን ስላበላሸ አይደለም፤ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ስለሆነ ነው። መንግሥት ያኔ እንዲህ ያለውን ሰው አይቀጥርም ነበር።

ሌላው ቢሆን አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። እሱ ግን ከሰሰ። አቤቱታውን በገዛ እጁ ጽፎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1961 ጉዳዩን አናይም አሉት። በዚያው ዓመት ዋሽንግተን ላይ ማኅበር አቋቋመ። ሚያዝያ 1965 ጥቂት ሆነው ዋይት ሀውስ ፊት ለፊት ሰልፍ ወጡ፤ ወንዶቹ በሙሉ ልብስና በከረባት፣ ሴቶቹ በቀሚስ። አለባበሱ የካሜኒ ትእዛዝ ነው፤ ሥራ የሚጠይቅ ሰው ሥራ የሚሰጠው ሰው መምሰል አለበት ባይ ነበር። ብልጠቱ ይገርመኛል።

የቅጥር እገዳው በ1975 ተነሳ። ይቅርታው ግን እስከ 2009 ቆየ። ካሜኒ 84 ዓመቱ ነበር። የይቅርታውን ደብዳቤ የሰጠው የፌዴራል ሠራተኞች አስተዳደር ኃላፊ ጆን ቤሪ ራሱም የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ነው። ሽማግሌው እዚያው ይቅርታውን ተቀበለ።