«ገባ እኮ!»፦ የስኪ ጫማና የማሰሪያው ታሪክ

ኮሎራዶ ውስጥ ስኪ በሚያከራይ ሱቅ ጥቂት ክረምቶች ሠርቻለሁ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዴንቨር ያደገ የአገሬ ልጅ ከጓደኛው የተዋሰውን ጫማ ይዞ መጣ። ጫማው በእግር ተራራ ወጥቶ በስኪ ለመውረድ የተሠራ ነው፤ ሶሉ ጎማ፣ ፊቱ ቀና ያለ። ልጁ የፈለገው ግን በሊፍት ተወጥቶ ቁልቁል የሚወረድበትን የተለመደውን ስኪ ነበር። አፌን ሳልከፍት ጫማውን ማሰሪያው ላይ አድርጎ በተረከዙ ተጫነው። ቀጭ አለ።

«ጋሼ፣ ይኸው ገባ እኮ!»

«መግባቱንማ ገባ። የሚወጣ መሆኑን ነው የማላውቀው» አልኩት።

ግራ ገባው። አልፈረድኩበትም፤ ማሰሪያ ሲባል ሥራው መያዝ ብቻ ይመስላል። የስኪ ማሰሪያ ግን እርስ በርስ የሚጣሉ ሁለት ሥራዎች አሉት። ሰውየው ቁልቁል ሲምዘገዘግ ጫማውን አጥብቆ ይይዛል፤ ሲወድቅ ደግሞ አጥንት ሳይሰበር ይለቃል። ፈረስ የሚያውቅ ሰው ይህ አይጠፋውም። ፈረሰኛ ከመውደቅ ይበልጥ የሚፈራው እግሩ እርካብ ውስጥ ተቀርቅሮ መጎተትን ነው። የጥንት ፈረሰኞቻችን በባዶ እግራቸው አውራ ጣታቸውን ብቻ ነበር እርካቡ ውስጥ የሚያስገቡት። ስኪ ለረጅም ጊዜ እንዲህ ያለ መውጫ አልነበረውም። ጫማው በጠፍርና በሽቦ ይታሰራል፤ ስኪው በረዶ ውስጥ ተሰክቶ ሰውየው ከተጠማዘዘ የሚሸነፈው ቅልጥሙ ነው።

ያልማር ህቫም ኖርዌይ ተወልዶ አሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ የኖረ የስኪ ሻምፒዮን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 ሁድ ተራራ ላይ እግሩ ተሰበረ። ሐኪም ቤት ከማደንዘዣው እንደነቃ ወረቀትና እርሳስ አምጡልኝ ብሎ፣ በውድቀት ጊዜ የጫማውን ፊት ወደ ጎን የሚለቅ ማሰሪያ እንደነደፈ ይነገራል። በ1930ዎቹ መጨረሻ «ሴፍ ስኪ» ብሎ ለገበያ አቀረበው። ከጦርነቱ በኋላ ፈረንሳይ ውስጥ ዣን ቤይል «ሉክ»ን፣ ጀርመን ውስጥ ሃነስ ማርከር በስሙ የሚጠራውን ድርጅት አቋቁመው፣ በሞላ ኃይል የሚይዝና የሚለቅ ማሰሪያ ማምረት ጀመሩ።

ማሰሪያው ግን የነገሩ ግማሽ ነው። የዚያን ዘመን ጫማ ቆዳ ነበር፤ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲያረጅ ይጎብጣል። ዛሬ በትክክል የለቀቀ ማሰሪያ ነገ ላይለቅ ይችላል። በ1960ዎቹ አሜሪካዊው ቦብ ላንግ የፕላስቲክ ጫማ ካመጣ በኋላ ነው ሶል ቋሚ ቅርጽ ሊኖረው የቻለው። ቋሚ ቅርጽ ካለ ደግሞ ስምምነት ይቻላል። የጀርመኑ ዲን፣ ቀጥሎም ዓለም አቀፉ አይሶ ልክ አወጡ። አይሶ 5355 የሚባለው ደንብ የአዋቂ ጫማ ሶል ከፊት ያለው ከንፈር ውፍረቱ 19 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ያዛል፤ ቢበዛ ወይም ቢያንስ በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ።

ነገሩ ጥቃቅን ይመስላል። ግን ጣሊያን፣ ሞንቴቤሉና ውስጥ ጫማ የሚሠራው ሰው ፈረንሳይ ውስጥ ማሰሪያ የሚሠራውን አያውቀውም። የሁለቱ ውል ያቺ ሚሊ ሜትር ናት። በመሃል ያለው እግር የሦስተኛ ሰው ነው።

ውሉ ፍሬ አፍርቷል። ቨርሞንት ውስጥ፣ ሹገርቡሽ በተባለ የስኪ ቦታ፣ ሮበርት ጆንሰን፣ ካርል ኤትሊንገርና ጃስፐር ሺሊ ከ1972 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ጉዳቶችን መዝግበዋል። የቅልጥም ስብራት በእጅጉ ቀንሶ አገኙት። የጉልበት ጅማት ግን እንዲያ አልተረፈም፤ ማሰሪያ ሁሉን አያድንም።

ታዲያ ይህን ውል ማን አፈረሰው? ክፉ ሰው አይደለም፤ በእግሩ ተራራ መውጣት የሚወድ ሰው ነው። ፍሪትዝ ባርትል ቲሮል ያደገ ኦስትሪያዊ ነው። በ1980ዎቹ ከባድ ዕቃ ተሸክሞ ሞንት ብላንክን ከወጣ በኋላ ይህ ክብደት ለምን ሲል አሰበ። መላው ቀላል ነበር፤ ጫማው ፊት ላይ በግራና በቀኝ ትንንሽ ቀዳዳ፣ ማሰሪያው ላይ ደግሞ እነሱ ውስጥ የሚገቡ ሁለት ፒኖች። የሶሉ ከንፈር ሥራ ፈታ። የተራራ ጫማ ደግሞ ዓለት ላይ እንዲቆነጥጥ ጎማ ለብሷል፣ ለመራመድ እንዲመች ጎብጧል። አይሶ 9523 ይህን ቅርጽ በሌላ ደንብ ያዘው። በጣም ቀላል ከሆኑት አንዳንዶቹ ግን ከንፈሩን ጨርሶ አስቀርተው ከሁለቱም ደንቦች ውጭ ወጡ።

ለልጁ ያሳየሁት ይህንን ነው። ተጠማዝዞ ሲወድቅ የጫማው ፊት ከሥሩ ባለች ለስላሳ ሳህን ላይ ወደ ጎን መንሸራተት አለበት። ጠንካራና ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ይንሸራተታል፤ ጎማ ይነክሳል። የጎበጠው ሶል ከፍታውም ስለሚለይ ማሰሪያው ከላይ ሊጫነው ይችላል። እኔ ክብደቱን፣ ቁመቱን፣ ዕድሜውን፣ የሶሉን ርዝመትና ችሎታውን ይዤ ሞላውን 6 ላይ ባደርገው፣ 6 የሚለው ጫማው የሚንሸራተት ከሆነ ብቻ ነው። ካልተንሸራተተ መስኮቷ ላይ የሚነበበው ቁጥር ውሸት ነው። ከንፈር የሌለው ጫማ ደግሞ በተቃራኒው፣ ሰውየው ሳይወድቅ ሊፈታ ይችላል።

ዛሬ መላ አለ። ማርከር ያመጣው «ግሪፕዎክ» ጎማና ጉብጠት አለው፤ ማሰሪያው የሚያርፍበት ቦታ ግን ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። የራሱ የአይሶ ደንብም ወጥቶለታል። የፊት ከፍታቸው የሚስተካከል፣ ብዙ ዓይነት ሶል የሚቀበሉ ማሰሪያዎችም አሉ። እነሱም ቢሆኑ የተጻፈባቸው ምልክት ጫማው ላይ ካለው ጋር መመሳከር፣ ከፍታቸው መስተካከል፣ በመፈተሻ ማሽንም መለካት ይፈልጋሉ። የኛ ሱቅ የኪራይ ማሰሪያ ከእነዚህ አልነበረም።

ልጁ እያጉረመረመ የኪራይ ጫማ ወሰደ። ማታ ሲመልስ ፊቱ በፀሐይ ቀልቷል፣ ሱሪው እስከ ወገቡ ርሷል።

«ጋሼ፣ ማሰሪያው አይረባም» አለኝ። «በወደቅኩ ቁጥር ስኪው ጥሎኝ ይሄዳል።»